ወጪው ለምን ጨመረ? ቦርዱን ያሳሳቱ ሁለት ፓይ ቻርቶችና የተኳቸው ግራፎች

ስልኩ የተደወለው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው። ደዋይዋ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ አሁን የአንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሆናለች። ድምፅዋ ላይ ንዴትም ድካምም አለ።

«ቁጥሮቼ ትክክል ናቸው። ሦስት ጊዜ አመሳክሬያቸዋለሁ» አለችኝ። «ግን ቦርዱ የእኔን ቻርት አይቶ ተቃራኒውን ተረዳ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ድርጅቱ አራት ቅርንጫፎች አሉት። ሥራው ዕቃ ከመጋዘን አውጥቶ ለደንበኛ ማድረስ ነው። የዘንድሮው ጠቅላላ ወጪ ካምናው በ20 በመቶ በልጧል። ቦርዱም «ለምን ጨመረ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ይቺው ናት። ባልደረባዬ ሁለት ያሸበረቁ ስሪዲ ፓይ ቻርቶች (እንደ ዳቦ በየድርሻው የተቆራረሱ ክቦች) ጎን ለጎን አድርጋ ቀረበች፤ በግራ ያምናው፣ በቀኝ የዘንድሮው።

አንድ የቦርድ አባል ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩና «ደመወዝ ከ46 ወደ 42 በመቶ ወርዷል። ታዲያ እዚያ ላይ ምን ያስጨንቀናል?» አሉ። ሌላው ተቀበሏቸው። ሦስተኛው ደግሞ ኪራይም ከ15 ወደ 13 በመቶ መውረዱን አስተዋሉ። ትልልቆቹ ወጪዎች ከወረዱ ጠቅላላው ከየት መጥቶ ጨመረ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ በዚህ ሲከራከሩ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡና «እባክሽ በደንብ ተዘጋጅተሽ ነይ» ብለው አሰናበቷት።

ደመወዝ ግን አልወረደም። ኪራይም አልወረደም። ሁለቱም ጨምረዋል።

ፋይሉን ላከችልኝ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የድርጅቱ ገመና እንዳይወጣ የቀያየርኳቸውና ያጠጋጋኋቸው ናቸው፤ የነገሩ ቅርጽ ግን እንደነበረ ነው። ሁሉም በሺህ ነው። የገንዘቡ ስም ለጉዳያችን ለውጥ ስለማያመጣ ትቼዋለሁ።

| የወጪ ዓይነት | አምና | ዘንድሮ |
|---|---|---|
| ደመወዝ | 4,600 | 5,040 |
| ኪራይ | 1,500 | 1,560 |
| ትራንስፖርት | 1,200 | 2,040 |
| ማስታወቂያ | 700 | 600 |
| ጥገና | 500 | 960 |
| መብራትና ውሃ | 400 | 480 |
| ኢንሹራንስ | 400 | 480 |
| ስልክና ኢንተርኔት | 300 | 360 |
| የጽሕፈት ዕቃ | 150 | 180 |
| ልዩ ልዩ | 250 | 300 |
| ጠቅላላ | 10,000 | 12,000 |

ፓዩ ያልነበረው ነገር

ፓይ ቻርት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ ከጠቅላላው ውስጥ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት ነው? ድርሻ ደግሞ ተንኮል ያለበት ቁጥር ነው። አንዱ ወጪ ባለበት ቢቆም እንኳ ጎረቤቱ ሲያብጥ የእሱ ድርሻ ይከሳል። ከ10,000 ውስጥ 4,600 ማለት 46 በመቶ ነው። ከ12,000 ውስጥ 5,040 ማለት ደግሞ 42 በመቶ። ገንዘቡ በ440 ጨምሮ ድርሻው በ4 ነጥብ ወረደ። የቦርዱ አባላት ያነበቡት በትክክል ነው። የቀረበላቸው ግን ያልጠየቁት ጥያቄ መልስ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። ሁለቱ ክቦች እኩል ስፋት ነበራቸው። አምናም ዘንድሮም 100 በመቶ ነው፤ ክብ እንግዲህ ክብ ነው። ስለዚህ ቦርዱን ያሳሰበው የ2,000 ጭማሪ ሥዕሉ ውስጥ የትም የለም። ስብሰባው የተጠራው ስለ ጭማሪ ነው፤ ቻርቱ ላይ የሌለው ብቸኛ ነገር ደግሞ ጭማሪ ነው። ይህን ስነግራት ለአፍታ ዝም አለችና «ውይ!» አለች።

ቀለሙም የራሱን በደል ፈጽሟል። እሷ ንጹሕ ሥራ ስለምትወድ የየዓመቱን ሠንጠረዥ ለየብቻ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድራዋለች። ኤክሴል ደግሞ ለፓይ ቀለም የሚያድለው በስም ሳይሆን በረድፍ ተራ ነው። በእሷ ፋይል የመጀመሪያው ረድፍ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ብርቱካንማ፣ ሦስተኛው ግራጫ። አምና ሁለተኛ የነበረው ኪራይ ነው፤ ዘንድሮ ሁለተኛ የሆነው ትራንስፖርት ነው። ስለዚህ በግራው ክብ ብርቱካንማው ኪራይ፣ በቀኙ ክብ ብርቱካንማው ትራንስፖርት ሆነ። ከፕሮጀክተሩ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ያንን ትንሽ የስም ዝርዝር እያነበበ ቀለም አያመሳክርም። ብርቱካንማን ከብርቱካንማ ጋር ያነጻጽራል፣ በቃ።

ስሪዲው ደግሞ በላዩ ላይ የተጨመረ ጣጣ ነው። ክቡ ወደ ኋላ ሲጋደም ከፊት ያለው ቁራሽ የጎን ግድግዳው ጭምር ስለሚታይ ከልኩ በላይ ይወፍራል፤ ከኋላ ያለው ይጨፈለቃል። አምና ከፊት የወደቀው ኪራይ ነበር። እንዲያ ወፍሮ የታየው ስለበዛ ሳይሆን ተራው እዚያ ስላደረሰው ነው።

ዓይናችን ማዕዘን ላይ ደካማ መሆኑ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በ1984 ዊሊያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል የተባሉ ሁለት የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎች ሰዎችን ግራፍ እያስነበቡ ፈትነው ነበር። በአንድ የጋራ መስመር ላይ የተሰለፉ ነገሮችን ስናነጻጽር፣ ማዕዘን ከምንለካበት ጊዜ ይልቅ ስህተታችን በጣም ያንሳል። 17 በመቶና 15 በመቶ የሆኑ ሁለት ቁራሾችን በዓይን ለይቶ የትኛው እንደሚበልጥ መናገር ቁማር ነው። ሁለት የግራፍ ባሮች (ርዝመታቸው መጠኑን የሚያሳይ አራት ማዕዘን ቅርጾች) ቢሆኑ ግን ልጅም አይስተውም።

ፓይን ጨርሶ አልጠላም፣ በነገራችን ላይ። ሁለት ወይም ሦስት ቁራሽ ብቻ ካለ፣ ጥያቄውም የድርሻ ከሆነ ይሠራል። አሥር ዓይነት ወጪ በሁለት ዓመት ግን አይችለውም።

ከድጡ ወደ ማጡ

በማግስቱ ማታ አዲስ ቻርት ላከችልኝ። ፓዩ ቀርቶ ሁለት ቀጥ ያሉ ባሮች ቆመዋል፤ አንዱ ያምናው ጠቅላላ፣ ሌላው የዘንድሮው። ሳየው ደነገጥኩ። የዘንድሮው ባር ካምናው ሦስት እጥፍ ይረዝማል።

ቋሚ ዘንጉን፣ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን የግራፉን ጠርዝ፣ አየሁት። የሚጀምረው ከ9,000 ነው። «ልዩነቱ በደንብ እንዲታይ ብዬ ነው ያስተካከልኩት» አለች። ታይቷልማ! አምና ከ9,000 በላይ ያለው 1,000 ነው፤ ዘንድሮ 3,000። ስለዚህ ሥዕሉ 1 ለ3 ይላል። እውነቱ 10 ለ12 ነው። ባር ቻርት የሚናገረው በርዝመቱ ነው፤ እግሩን ከቆረጥነው የሚናገረው ሁሉ ውሸት ይሆናል። መስመር ግራፍ ሌላ ነው፤ እሱን የምናነበው በቁልቁለቱና በዳገቱ ስለሆነ ዘንጉ የግድ ከዜሮ መነሳት የለበትም። ለባር ግን ዜሮ ግዴታ ነው። እናንተ እጃችሁን ባታስገቡም ኤክሴል ራሱ ቁጥሮቹ የተቀራረቡ ሲመስሉት ከዜሮ በላይ ሊጀምር ይችላልና፣ ባር በሠራችሁ ቁጥር ግርጌውን አንዴ ቃኘት አድርጉ።

ከዚያ ወደ አሥሩ ወጪዎች ሄድን። የመጀመሪያው ሙከራ የቆሙ ባሮች ነበር፤ ለእያንዳንዱ ወጪ ሁለት ባር። የወጪዎቹ ስም ረጅም ስለሆነ ኤክሴል ሰያፍ አድርጎ ደረደራቸው። «ስልክና ኢንተርኔት»ን ለማንበብ አንገትን ማዘንበል ያስፈልጋል። ባሮቹን አጋደምናቸው። ስሞቹ በግራ በኩል ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ አንገታችንም ዳነ።

የተጋደመ ባር አንድ የሚያናድድ ጠባይ አለው። ሠንጠረዡን ከትልቅ ወደ ትንሽ ብትደረድሩት ቻርቱ ላይ ተገልብጦ ይመጣል፤ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ። ኤክሴል የመጀመሪያውን ረድፍ ከዘንጉ መነሻ ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚቆጥር ነው። ስሞቹ ያሉበትን ዘንግ በቀኝ ክሊክ ይዞ «ፎርማት አክሲስ» ውስጥ «ካተጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» የምትለዋን ምልክት ማድረግ ነው። ያኔ ደግሞ የቁጥሩ ዘንግ ወደ ላይ ይዘላል። ባልደረባዬ እዚህ ደረጃ ላይ ላፕቶፑን ልትወረውረው ነበር። እኔ የቁጥሩን ዘንግ ጨርሶ አጥፍቼ ቁጥሩን በየባሩ ጫፍ ላይ ጻፍኩት፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተገላገልን። አምናን ግራጫ፣ ዘንድሮን ጥቁር ሰማያዊ አደረግን። «ልዩ ልዩ» መጠኑ ምንም ይሁን ምን መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፤ ልዩ ልዩ የሚባል ነገር መሃል ላይ ሲገባ አይስማማኝም።

አሁን ማንም ሰው ደመወዝ መጨመሩን ያያል። ግን አሁንም ልቤ አልረጋም። አሥር ጥንድ ባር የሚመልሰው «እያንዳንዱ ወጪ በሁለቱ ዓመት ስንት ስንት ነበር?» የሚለውን ነው። ጭማሪውን ለማወቅ ተመልካቹ አሥር ጊዜ በዓይኑ መቀነስ አለበት። ደግሞም ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ትልቁ ባር ላይ ነው፤ እሱም ደመወዝ ነው። ቦርዱ እንደገና ስለ ደመወዝ ማውራቱ አይቀርም።

ሁለት ሰዓት የበላኝ ፏፏቴ

የሚቀጥለው ስህተት የራሴ ነው።

«ለምን ጨመረ?» ለሚል ጥያቄ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ዋተርፎል (ፏፏቴ) ቻርትን ነው። ካምናው ጠቅላላ ይነሳል፤ እያንዳንዱ ጭማሪ እንደ ደረጃ ይወጣል፤ ቅናሽ ካለ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ የዘንድሮው ጠቅላላ ጋ ይደርሳል። ኤክሴል ከ2016 እትሙ ጀምሮ ዝግጁ አድርጎ ይሰጣል። በደስታ ጀመርኩት።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ የመጨረሻው ባር ከ12,000 ተነስቶ 24,000 ላይ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ኤክሴል «የዘንድሮ ጠቅላላ» የሚለውን እንደ ሌላ ጭማሪ ቆጥሮታል። ያንን ባር ብቻውን መርጦ በቀኝ ክሊክ «ሴት አስ ቶታል» ማለት ያስፈልጋል። አስተካክዬ ላክሁላት። እሷ ቢሮ ስትከፍተው ባዶ ሳጥን ሆኖ ጠበቃት። የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ኤክሴል የቆየ እትም ስለሆነ ይህን ቻርት አያውቀውም። ስብሰባው ላይ የሚከፈተው ደግሞ በዚያው ኮምፒውተር ነው።

እሺ፣ በእጅ ይሠራል። የተነባበረ ባር ሠርቶ የታችኛውን ንብርብር ቀለም አልባ ማድረግ ነው። የማይታየው ንብርብር ደረጃውን ተሸክሞ ያቆማል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ትራንስፖርት 840 ጨምሯል፤ የማይታየው እግሩ 10,000 ነው። ጥገና 460፣ እግሩ 10,840። ደመወዝ 440፣ እግሩ 11,300። የቀሩት ትንንሽ ጭማሪዎች ተደምረው 360፣ እግራቸው 11,740፤ እዚህ ላይ 12,100 ደርሰናል። ማስታወቂያ በ100 ስለቀነሰ የእሱ እግር የሚቆመው ከወረደበት ቦታ፣ 12,000 ላይ ነው። የቅናሹ እግር ሁሌ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው 12,100 ላይ ያቆመውና ባሩ አየር ላይ ይቀራል።

ተሠራ። አማረ። ከዚያ ራቅ ብዬ አየሁትና ተስፋ ቆረጥኩ።

ችግሩ ሁለቱ ጠቅላላዎች ናቸው። 10,000 እና 12,000 ከዜሮ ተነስተው እንደ ግንብ ሲቆሙ፣ መሃል ያሉት ደረጃዎች ከላይ የተንጠለጠሉ ቁርጥራጮች ይመስላሉ። ቻርቱ ስክሪን ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ ትልቁ ጭማሪ 840 የሚደርሰው 1.4 ሴንቲ ሜትር ነው። የማስታወቂያው ቅናሽ 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። መፍትሔው ዘንጉን ከ9,000 ማስጀመር ነው። ትናንት ደግሞ «እግር አትቁረጪ» ብዬ የተቆጣሁት እኔው ነኝ። ዋተርፎል የሚያምረው ለውጦቹ ከጠቅላላው አንጻር ትልልቅ ሲሆኑ ነው። የእኛዎቹ አልነበሩም። ሁለት ሰዓቴን ቆጥሬ ሰረዝኩት።

አንድ ተጨማሪ አምድ

መልሱ ካሰብኩት በላይ ቀላል ነበር። ሠንጠረዡ ላይ አንድ አምድ ጨመርን፤ ዘንድሮ ሲቀነስ አምና። ቻርቱን ከዚያ አምድ ብቻ ሠራነው። ጠቅላላው የለም፣ አምናም የለም፣ ዘንድሮም የለም። ልዩነቱ ብቻ። የተጋደሙ ባሮች፣ ከትልቁ ጭማሪ ወደ ቅናሹ።

ትራንስፖርት 840። ጥገና 460። ደመወዝ 440። ከዚያ በኋላ ገደል ነው፤ መብራትና ውሃ 80፣ ኢንሹራንስ 80፣ ኪራይ 60፣ ስልክ 60 እያለ ይወርዳል። ማስታወቂያ ከዜሮ በስተግራ 100 ያህል ወጥቷል። ባሮቹ ከዜሮ ይነሳሉ፣ ሙሉ ስፋቱን ይጠቀማሉ፣ ማንም መቀነስ አያስፈልገውም። ፓዩ ላይ ወረደ የተባለው ኪራይ ከስልክ እኩል ሆኖ አረፈ።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አስቸገረች። ቅናሽ ሲኖር የወጪው ስም ከዜሮው መስመር ጋ ተጣብቆ ስለሚጻፍ፣ ወደ ግራ የሚሄደው ባር ስሙ ላይ ይወጣበታል። «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል በራሱ ባር ተሸፈነ። ዘንጉን ይዞ የስሞቹን ቦታ «ሎው» ላይ ማድረግ ነው፤ ሁሉም ወደ ግራ ጠርዝ ይሄዳሉ።

እሷ በመቶኛ እናድርገው አለች። «ቦርዱ በመቶኛ ይወዳል።» ሞከርነው። ጥገና 92 በመቶ ጨምሮ አንደኛ ወጣ፤ ትራንስፖርት በ70 ሁለተኛ። እስከዚህ ደህና ነው። ቀጥሎ ግን የጽሕፈት ዕቃ 20 በመቶ ሆኖ ደመወዝን በለጠ፤ የደመወዝ ጭማሪ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። 30 የጨመረው 440 ከጨመረው በላይ ተሰቀለ። ቦርዱ ስለ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲከራከር ታየኝ። መቶኛውን በባሩ ጫፍ ከቁጥሩ አጠገብ በትንሹ ጻፍነው፤ ርዝመቱ ግን በገንዘብ ቀረ።

ርዕሱ ላይም ተጨቃጨቅን። እሷ «የወጪ ንጽጽር፣ አምናና ዘንድሮ» ብላ ነበር። እኔ «ከ2,000ው ጭማሪ 1,300ው የትራንስፖርትና የጥገና ነው» ይሁን አልኩ።

«ይሄ እኮ የእኔ አስተያየት ይመስላል።»

«840 እና 460 ስንት ነው?»

«1,300።»

«ታዲያ አስተያየት የቱ ጋ ነው?»

ሳቀችና ጻፈችው። ሁለቱን ባሮች ጥቁር ሰማያዊ፣ የቀሩትን ግራጫ አደረገች።

ቅርንጫፎቹ

ሊቀመንበሩ ሁልጊዜ የሚጠረጥሩት ቅርንጫፍ «ሀ»ን ነው። ወጪው ትልቁ ስለሆነ። ስለዚህ «የቱ ቅርንጫፍ ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቅ ነበር። እሷ አዘጋጅታ የነበረው አራት የተነባበሩ ባሮች ነው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አሥር ቀለም። ቀስተ ደመና ነው የሚመስለው። በተነባበረ ባር ላይ በትክክል ማነጻጸር የሚቻለው ከታች ያለውን ንብርብርና ጠቅላላ ቁመቱን ብቻ ነው። የመሃሎቹ መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ ተንሳፋፊ ናቸው። ትራንስፖርት ሦስተኛው ንብርብር ላይ ነበር።

ጠቅላላ ወጪው «ሀ» 4,500፣ «ለ» 3,000፣ «ሐ» 2,700፣ «መ» 1,800 ነው። ይህን ብቻ ብናሳይ «ሀ» ተወቃሽ ነው። ግን «ሀ» በዓመቱ 31,000 ጊዜ ዕቃ አድርሷል። «ለ» 19,000፣ «ሐ» 12,000፣ «መ» 11,000። አንድ ዕቃ ለማድረስ የወጣውን (ይህኛው በሺህ አይደለም) ስናሰላ «ሀ» 145፣ «ለ» 158፣ «መ» 164 ላይ ናቸው። «ሐ» 225። ተወቃሹ ከሁሉ ርካሹ ሆኖ ተገኘ።

ወጪውንና የተደረሰውን ዕቃ ብዛት በአንድ ቻርት ላይ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ዘንግ አድርገን እንሥራው የሚል ሐሳብም መጣ። አልተቀበልኩም። ሁለት ዘንግ ያለው ቻርት ላይ አንዱን ዘንግ ትንሽ ስትነካው መስመሮቹ የፈለግህበት ቦታ ይገናኛሉ። መገናኘታቸው ምንም ትርጉም የለውም፤ ያየ ሰው ግን ትርጉም ይሰጠዋል። አካፍለን አንድ ቁጥር አደረግነውና ሁለት ትንንሽ ባር ቻርቶችን ጎን ለጎን አቆምን። በግራ ጠቅላላው፣ በቀኝ የአንድ ማድረስ ወጪ። የቅርንጫፎቹ ተራ በሁለቱም አንድ ነው። በግራው «ሀ» ይረዝማል፤ ዓይን ወደ ቀኝ ሲሻገር «ሐ» ብቻውን ይወጣል።

አሁን የቀረው «መቼ?» የሚለው ነው። እስካሁን ባር በባር ነበርን፤ ጊዜ ሲመጣ ግን መስመር ይሻላል። ባር ቻርትን በማስተዋወቅ የሚታወቀው ዊሊያም ፕሌይፌር ራሱ በ1786 ያንን ባር የሠራው ቸግሮት ነው። የሌሎች ንግዶችን የብዙ ዓመት ውጣ ውረድ በመስመር ሲያሳይ፣ የስኮትላንድን ንግድ በተመለከተ ግን የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ነበረው። ስለዚህ 17 የንግድ ሸሪኮችን በባር ደረደረ፤ ጊዜን ስለማያሳይም ያን ያህል አልወደደውም። ፓይንም በ1801 ያመጣብን እሱው ነው። ይቅር ብለነዋል።

እኛ የአሥራ ሁለቱም ወር ቁጥር ነበረን። የአራቱን ቅርንጫፎች የትራንስፖርት ወጪ በየወሩ በመስመር አወጣን። ሦስቱ መስመሮች ግራጫ፣ «ሐ» ብቻ ጥቁር ሰማያዊ። የቀለም መፍቻ ሳጥኑን አጥፍተን የቅርንጫፉን ስም በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ጻፍን።

«ሐ» እስከ አምስተኛው ወር በወር 19 አካባቢ እየተንገዋለለ ይሄዳል። ስድስተኛው ወር ላይ ወደ 98 ይዘላል። ከዚያ አይወርድም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እዚያው ነው። አምና በዓመት 200 የነበረው ዘንድሮ 780 የሆነው በዚህ ነው፤ ከ840ው የትራንስፖርት ጭማሪ 580ው የዚህ የአንድ ቅርንጫፍ ነው።

በስልክ ላይ ነበርን። «ስድስተኛው ወር ላይ ምን አለ?» አልኳት። ሌጀሩን (የሂሳብ መዝገቡን) ስትከፍት የማውሱ ድምፅ ይሰማኛል። ትንሽ ቆየች።

«የመኪና ኪራይ» አለች። «በየሳምንቱ የመኪና ኪራይ።»

ስብሰባው

እኔ አልነበርኩም፤ የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ። ሦስት ገጽ ብቻ ይዛ ገባች። የጭማሪውን ባር፣ ሁለቱን የቅርንጫፍ ባሮችና መስመሩን። አሥሩ ጥንድ ባሮች ለጠየቀ ሰው ብለን በወረቀት ታትመው ተቀምጠው ነበር፤ አንድ ሰው ብቻ ጠየቀ። ያ ፓይን ይዘው ስለ ደመወዝ የተናገሩት አባል ናቸው። ወረቀቱን አዩና «ለካ ጨምሯል» ብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብዙ ንግግር አልነበረም። ሁለተኛው ላይ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «ሀ ነው ስል የነበርኩት እኔ ነኝ አይደል?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

ሦስተኛው ገጽ ሲመጣ ጠያቂው ሌላ ሰው ነበር፤ ጥያቄው ግን እኔ በስልክ የጠየቅኋት ነው። «ስድስተኛው ወር ላይ ምን ተፈጠረ?»

የሥራ ክንውን ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የ«ሐ» ሁለት የጭነት መኪኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመዋል። ጋራዥ ገቡ፤ ሥራ እንዳይስተጓጎል ለጊዜው ተብሎ ሁለት መኪና ተከራየ። መኪኖቹ ከጋራዥ ወጡ፣ እንደገና ገቡ። ጥገናውም ኪራዩም አብረው ይከፈላሉ። ለጊዜው የተባለው ሰባት ወር ሆነው።

«እኛ ጋ ለምን አልመጣም?»

«በየወሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከጠቅላላው ጋ ሲደመር አይታይም።»

ከዚያ በኋላ ስለ ቻርት ያነሳ የለም። ይሸጡ ወይስ ሞተራቸው ይቀየር፣ ለኪራዩ የፈረመው ማን ነው፣ ውሉ መቼ ያበቃል፤ ወሬው ሁሉ የሁለቱ መኪኖች ሆነ። ባልደረባዬ ሦስተኛውን ገጽ ስክሪኑ ላይ እንደተወችው ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።